እንትፍ በልላት
ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ተነሥቻለሁ። አሳምሬ መናገር ግን አልችልም፤ ነገሩ ለእኔም እስካሁን አልጠራልኝም። እንደሆነው ልንገራችሁ።

አባቴ አምባ ጊዮርጊስ ማረሻ የሚቀጠቅጥ ባለ እጅ ነው። ሰው ማረሻውን ያሠራል፣ ከቤታችን ግን እህል አይቀምስም። ቡዳ ይሉናል፤ ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ወርጄ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከምህንድስናው ሁሉ የብረታ ብረቱን ትምህርት የመረጥሁትም ለዚሁ ነው። ያው ብረት በመጽሐፍ ሲሆን ያስከብራል፣ ቀጥቃጭ መባሌ ቀርቶ ኢንጂነር እባላለሁ ብዬ። ብረት ለምን እንደሚጠነክር፣ ለምን እንደሚሰበር በማይክሮስኮፕ አየሁ። ሁሉም ነገር ምክንያት አለው፣ እግዚአብሔር አያስፈልገኝም አልሁ።

ለክረምት ዕረፍት አገሬ ገባሁ። የጎረቤታችን የአያ ደስታ ልጅ፣ ትንሿ አለሚቱ፣ በደጃችን ስታልፍ አየኋትና፣ ምን የመሰለች ሸጋ ልጅ ናት አልሁ። ይኸው ነው ያልሁት። በማግሥቱ ልጅቱን ትኩሳት ያዛት፣ ትንፋሽ አጠራት። መንደሩ ዐይኑ በላት አለ። የአባቱ አልበቃው ብሎ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተምሮት መጣ ተባለ።

አያ ደስታ እያለቀሱ መጡ።

«ልጄ፣ አልከስህም፣ አልጣላህም። ብቻ እንትፍ በልላትና ትዳንልኝ» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ምን ላድርግ? እንትፍ ካልሁ ቡዳ ነኝ ማለቴ ነው። እምቢ ብዬ ብትሞት ደግሞ ገደላት ነው። አባቴን ባየው አንገቱን ደፍቷል። ከዚያ የባሰው መጣ፤ እውነት እኔ ብሆንስ አልሁ። ያን ሁሉ ተምሬ ራሴን ጠረጠርሁ። ሄጄም እንትፍ አልሁባት። አልተሻላትም።

በአውቶቡስ ጎንደር ሆስፒታል ወሰድናት፤ አያ ደስታ አለቅህም ብለው እኔንም አስከተሉኝ። ሐኪሙ ሕመሙ የሳንባ ነው፣ መርፌ እንወጋታለን፣ ግን ዘግይታችኋል አለ። እኔ ውጭ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ይቺ ፊት የተቀመጠችው እህታችን ዘነበች ያኔ እዚያ ነርስ ነበረች። ምነው አትገባም አለችኝ። ዐይኔ እንዳያርፍባት ነው ብዬ ሁሉንም ነገርኋት። ወደ ውስጥ ገባች። አያ ደስታን ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ ተመልሳ ወጣችና፣

«ና፣ ያዛት» አለችኝ።

«እኔ?»

«አንተ። አንተ ያዛት፣ እኔ እጸልያለሁ።»

ወገኖቼ፣ ሰው ልጁን አስታቅፎኝ አያውቅም ነበር። ተቀብዬ ታቀፍኋት። ዘነበች በኢየሱስ ስም ስትጸልይ ልጅቱን ደረቴ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔም፣ «ጌታ ሆይ፣ እኔ ከሆንሁ አድነኝ፤ ካልሆንሁም አድነኝ» አልሁ። ሌላ ጸሎት አላውቅም ነበር።

ልጅቱ ዳነች፤ ስሙ ይባረክ። ሐኪሙ መርፌው ነው አለ። አያ ደስታ ምራቁ ነው አሉ፤ ዛሬም እንዲያው ይላሉ። ዘነበች ጌታ ነው አለች። ሦስቱንም ሰማሁና ግራ ገባኝ። ብረት ቢሆን ቆርጬ በማይክሮስኮፕ አየው ነበር። አንድ ነገር ግን ዐውቃለሁ፤ ያን ቀን የዳነችው እሷ ብቻ አይደለችም። ጌታ ይመስገን! በዚያው ሳምንት ዘነበች ቤት ለጸሎት ሄድሁ፤ ከተሰበሰቡት ጋር ከአንድ ገበታ በላን፣ አጎረሱኝ፣ እዚያው ጌታን ተቀበልሁ።

አሁን ትምህርቴን ልጨርስ ጥቂት ቀርቶኛል። ጃንሆይ በእጃቸው ዲፕሎማ ሲሰጡኝ ካየ አባቴ ደስ ይለዋል። በጌታ ግን ገና አላመነም፤ ጸልዩለት።

ወገኖቼ፣ የማይገባኝ አሁንም ብዙ ነው። ሁሉ ነገር ካልጠራልኝ አላምንም የምትል ካለህ፣ እኔ ሳይጠራልኝ ነው የመጣሁት፤ ጌታም እስኪጠራልህ ውጭ ቁም አላለኝም። ዛሬ እመነው። ብቻህን መነሣት ከፈራህ ና፣ አጠገቤ ቦታ አለ፤ አብረን እንጸልያለን።