ባዶዋ ጎተራ የእኔ ናት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ስናገር ይህን ዘልዬዋለሁ። አሁን የምናገረው በደሌ ይፋቅልኝ ብዬ አይደለም፤ ይታወቅ ብዬ ነው።

በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ ማስረዳት ልማዴ ነው።

ከመካነ ሰላም አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ አስተምራለሁ። ከክፍል ስወጣ ሁለት ነገር እወዳለሁ። አንደኛው በጭቃና በእበት የተለሰኑ፣ የሣር ክዳን የደፉ የቆዩ ጎተራዎችን ፎቶ ማንሳት ነው። ሁለተኛው እነዚያኑ ጎተራዎች አሳንሼ በጠረጴዛ ላይ መሥራት ነው፤ ግድግዳቸው ከወንዝ ዳር ጭቃ፣ እግራቸው ከክብሪት እንጨት፣ ክዳናቸው ከጤፍ ጭድ። ሠርቼ ስጨርስ ስልኬን እስከ ጠረጴዛው ዝቅ አድርጌ አነሳለሁ። ከዚያ መጠኑ እንዲታወቅ ጠመኔ ከጎኑ አቁሜ ሁለተኛ ፎቶ አነሳለሁ። ይህ ሥርዓቴ ነው።

ጋሽ ይማም የትምህርት ቤቱ ጎረቤት ናቸው። ጎተራቸው በቀበሌው ካሉት ሁሉ ያረጀ ነው። አይጥ የበሳውን ጎኑን የበሬ ቆዳ ለጥፈውበታል፤ የተሰበረ አንድ እግሩን በድንጋይ ተክተውታል። ያገሩ ሰው በሩቁ ይለየዋል። ከውጭ እንዳነሳው ፈቀዱልኝ። ክዳኑን ገልጠው ውስጡን እንዲያሳዩኝ ስጠይቃቸው ግን ሳቁ።

«የኔ ልጅ፣ የሰው ሆድና ጎተራ አይገለጥም» አሉኝ። «ቢስሚላህ ብዬ የምከፍተው እኔው ነኝ። ዓይን ሲበዛበት በረከቱ ይሸሻል።»

እዚህ አገር በጎተራ ያለ እህል አይቆጠርም፤ ስንት ነው ተብሎም አይጠየቅም። ይህን አውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ጠየቅሁ? እልኸኛ ስለሆንኩ። ያልከፈቱልኝን ጎተራ ራሴ ሠርቼ ከፈትኩት።

ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። የቆዳውን ልጣፊ ከአሮጌ ጫማ ቆረጥኩ፤ ለእግሩ ምትክ ጠጠር መረጥኩ፤ ክዳኑን ወደ ጎን ገልብጬ በክር አሰርኩት። ውስጧን ጤፍ ሞላሁ። ጤፍ ከእህል ሁሉ ትንሹ ነው፤ በእሷ ውስጥ ግን ባቄላ መሰለ። አራገፍኩትና ባዶዋን አነሳኋት። ብርሃኑ እስከ ወለሉ ወርዶ አማረ።

ፎቶውን ከእውነተኞቹ ጎተራዎች ፎቶ ጋር ቀላቅዬ የአካባቢያችን ልጆች ባሉበት የስልክ ግሩፕ ለቀቅሁት። ጠመኔ ያለበትን አልለቀቅሁም። ይለዩ እንደሆነ ለማየት ፈለግሁ።

አልለዩም።

ጊዜው ሰኔ ነበር። ጋሽ ይማም አንድ በሬ አላቸው፤ ጎረቤታቸው አያሌውም አንድ። በሬዎቻቸውን እያቀናጁ አንድ ቀን የአንዱን፣ በማግስቱ የሌላውን ማሳ ሲያርሱ ዓመታት ቆይተዋል። መቀናጆ ዘር ካነሰው የሚጠይቀው መቀናጆውን ነው፤ የተጠየቀም እምቢ አይልም። ስለዚህ የባልንጀራውን ባዶ ጎተራ ያየ ሰው ወይ ዘሩን ለማካፈል ይዘጋጃል፣ ወይ ሳይጠየቅ ይሸሻል።

አያሌው ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር መጥቶ ስልኩን ዘረጋልኝ።

«አስተማሪ፣ ይቺን አንቺ ነሽ ያነሳሻት?»

«እኔ ነኝ።»

«የጋሽ ይማም ናት አይደል? ቆዳዋም፣ ድንጋይዋም።»

«የእሳቸው ናት» አልኩ።

«እኔን ደግሞ ለዘር አታስብ ይሉኛል። ሽማግሌ ሲዋሽ ጎተራውንም አብሮ ያስዋሸዋል።»

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። «መጫወቻ ናት» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል። እኔ ግን ፈገግ አልኩ። ጎተራ ሲሠራ የኖረ ገበሬ የክብሪት እንጨቴን ግንድ ነው ብሎ አየልኝ፤ ከዚያ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም። ለዚያ ምስጋና ስል የሰው ስም ሸጥኩ። የእሳቸው ናት ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

በሳምንቱ አያሌው በሬውን ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጀ። ሰዎች ጋሽ ይማምን «ክፈቱና አሳዩ፣ ወሬውም ይቆማል» አሏቸው። «ጎተራዬን ለወሬ አልከፍትም» አሉ። ጎተራው ሙሉ ይሁን ጎዶሎ እኔ አላውቅም፤ ማወቅም የለብኝም። የማውቀው በአንድ በሬ መሬት እንደማይታረስ ነው። ከቤታቸው በታች ያለውን ለም ማሳ ለእኩል ሰጡት፤ ያረሰው ሰው የምርቱን ግማሽ ወሰደ። ይኸው ሦስት ዓመት፣ ማሳው ዛሬም የሚታረሰው በእኩል ነው።

የባሰውን ልንገራችሁ። በዚያው ሰኔ ጋሽ ይማም ራሳቸው ጠሩኝ። የጎረቤት ስልክ ተውሰው ፎቶውን ይዘዋል። ዓይናቸውን አጥበው ብዙ አዩት።

«የኔን ክዳን የማስረው በጠፍር ነው፣ በቆዳ» አሉ። «ይሄ የልብስ ክር ነው። ክር እንዲህ ወፍሮ የሚታየው ጎተራው ትንሽ ቢሆን ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ጠበቁኝ።

«ደወል ሊደወል ነው፣ ልሂድ» አልኩ።

«ሂጂ እሺ። አላህ ያሳድግሽ።»

ለማንም አልተናገሩም። ለምን? ተናጋሪዋ እኔ እንድሆን የተውልኝ ይመስለኛል። በየጠዋቱ በደጃቸው ሳልፍ እንዴት አደርሽ ይሉኛል። በእሳቸው አፍ አልሃምዱሊላህ ብዬ አልፋለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፍኩ።

ሰበብ የምትፈልጉልኝ አትጠፉም። ወጣት ነበርሽ አትበሉኝ፤ ዛሬም ወጣት ነኝ። ያመነው አያሌው ነው አትበሉኝ፤ እሱ ባየው ፈረደ፣ እኔ እያወቅሁ ዋሸሁ። ጥፋቱ ፎቶ ማንሳትሽ ነው፣ በጭቃ መጫወትሽ ነው የምትሉም ካላችሁ አልቀበላችሁም። ጭቃ ማቡካቴን አልተውኩም፤ አልተውምም። እጄ አያሳፍረኝም። የሚያሳፍረኝ አፌ ነው።

የፊታችን ዓርብ የወላጆች ቀን ነው። ፎቶዎቼ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ይሰቀላሉ፤ ርእሰ መምህሩ ትልቅ ሆኖ እንዲታተም የመረጡት የተከፈተውን ጎተራ ነው። «እውነተኛ ኑሮ ማለት ይሄ ነው» አሉኝ። ይሰቀል። ጥሩ ፎቶ ነው፤ አላወርደውም። ከጎኑ ግን ያልለቀቅሁትን ሁለተኛውን ፎቶ በዚያው መጠን እሰቅላለሁ፤ ከሥራቸውም ይህን ወረቀት። ጋሽ ይማም ማንበብ ስለማይችሉ ነገ ጠዋት ደጃቸው ቆሜ አነብላቸዋለሁ። ከዚያ ወደ አያሌው እሄዳለሁ።

አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልልም። ብል ጋሽ ይማም ወዲያው አውፍ ይሉኛል፤ አውቃቸዋለሁ። ያ ለእኔ ዕረፍት ይሆናል እንጂ ለማሳቸው በሬ አይሆንም።

ወላጆች፣ ዓርብ ስትመጡ ወደ ሁለተኛው ፎቶ ቀረብ በሉ። በግራ በኩል የቆመው ነጭ ነገር ምሰሶ አይደለም። የእኔ ጠመኔ ነው፤ ጎተራዋ ከእሱ የምትበልጠው በአንድ ጥፍር ብቻ ነው።