ዛፋቸውን ይዘው ይጓዙ የነበሩት ጋሽ ታደለ

በአያት ኮንዶሚኒየም የእድራችን የንብረት ኃላፊ፣ በሃያ ሁለት ደግሞ በመጋረጃ ሱቃቸው ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ጋሽ ታደለ፣ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ አርፈዋል። ይህን የምጽፈው የፎቅ ጎረቤታቸው አስቴር ነኝ። በቀብራቸው ዕለት እንድናገር ዕድል ተሰጥቶኝ ነበር፤ ለቅሶ ቀደመኝና መሃል ላይ ተውኩት። እሳቸው ደግሞ ተጀምሮ የቀረ ነገር አይወዱም ነበርና ቀሪውን እዚህ ልጨርሰው። ስለ ጋሽ ታደለ ሳወራ ደስታዬን መደበቅ አልችልበትም፤ አንባቢ አይቀየመኝ።

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤቴ ወጥቶ ሄዶ ነበር። ሐኪም ቤት ተመላለስኩ፣ ጸበል ጠጣሁ፣ ልጆቼ በስልክ የመከሩኝን ሁሉ ሞከርኩ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ቀን ቀን እየፈዘዝኩ ወጡን ጨው በጨው አደርገዋለሁ፤ የራሴን በር ትቼ የሰው በር አንኳኳለሁ። እንዲህ ከቀጠልኩ ብዙ የምቆይ አልመሰለኝም። ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም።

አንድ ቀን ጋሽ ታደለ ደረጃ ላይ አገኙኝና ፊቴን አየት አድርገው፣ «አስቴር፣ ከተኛሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን «አይዞሽ» ብሎ ያልፋል። እሳቸው የመጋረጃ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እዚያው ደረጃው ላይ ቁመቴን ለኩ።

«እንቅልፍ ቤት ውስጥ ከጠፋ ውጭ ወጥቶ መፈለግ ነው» አሉ።

በዚያ ሰሞን እድራችን አዲስ ድንኳን ገዝቶ ስለነበር የአሮጌው ድንኳን ብረቶች ከመጋዘኑ ጀርባ ተጥለው ቁራሌው እስኪመጣ ይጠብቁ ነበር። ጋሽ ታደለ የእድሩን ሊቀመንበር ሐጂ ሙዘሚልን አስፈቅደው ወሰዷቸው። ቆርጠው አስበየዷቸውና በሁለት ወገን ተከፍተው የሚቆሙ ጥንድ ጥንድ እግሮች፣ ከላይ ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኝ ረጅም ብረት ያሉት መቆሚያ ሆኑ። በብረቱ ሁለት ጫፍ ላይ የሚንጠለጠለውን አልጋ፣ ወጣቶቹ ሃሞክ የሚሉትን፣ በእጃቸው ሰፉት። ጨርቁ ደንበኛ አዝዞ ሳይወስደው የቀረ ባለ አበባ መጋረጃ ነው። ሰው ሃሞኩን በዛፍና በዛፍ መካከል ያስራል፤ የእኛ ግቢ ችግኝ ግን ገና ከጉልበት አላለፈም፤ ከከተማ ወጣ ስንል ያለው ባሕር ዛፍም ባለቤት አለው። «ዛፍ አንለምንም፤ ዛፋችንን ይዘን እንጓዛለን» ይሉ ነበር።

ጉዞው እንዴት ያለ ጉዞ ነበር! እሳቸው፣ ልጃቸው ማርታ፣ ሐጂ ሙዘሚልና እኔ ብረቱን ተሸክመን ላምበረት ወረድን። የሚኒባሱ ረዳት ብረቱን አይቶ ወዲያው አወቀው፤ የእድር ድንኳን ብረት የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ኮፍያውን አወለቀና፣ «እግዜር ያጽናችሁ። ማን ሞቶ ነው?» አለ።

«ማንም አልሞተም» አሉ ጋሽ ታደለ። «ልንተኛ ነው የምንሄደው።»

ረዳቱ ዓይን ዓይናችንን እያየ ብረቱን ጣሪያ ላይ ጫነው። እስክንወርድ ድረስም እየዞረ ያየን ነበር።

የሰፈርነው ከለገጣፎ አለፍ ብሎ፣ ጋሽ ታደለ መጋረጃ የሰፉላቸው አንድ ገበሬ በፈቀዱልን መስክ ላይ ነው። ይዘናቸው የመጣናቸውን ሁለት ትንንሽ ድንኳኖች ለእኔና ለማርታ አንድ፣ ለወንዶቹ አንድ አድርገን ተከልን፤ መቆሚያው ቆመ፤ አልጋው ተንጠለጠለ። ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁበት። የእኛ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ጋሽ ታደለ መቆሚያቸውን የሞከሩት በኮንዶሚኒየሙ ሲሚንቶ ላይ ነበር፤ መስኩ ግን ዝናብ የጠገበ ዋልካ ነው። አራቱም እግሮች ቀስ እያሉ ሰጠሙና ጀርባዬ ሣሩ ላይ ዐረፈ። ሐጂ ሙዘሚል ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው እንባቸውን ጠረጉ።

ጋሽ ታደለ አልሳቁም። መቆሚያውን አንድ ጊዜ ዞሩትና ወደ ስንቃችን ሄዱ። ምግቡን ወደ ድስቱ መልሰው ትሪዎቹን አንድ በአንድ ከየእግሩ ሥር አነጠፉ።

«ታደለ፣ ትሪው እኮ የእድር ነው» አሉ ሐጂ።

«አስቴርም የእድር ናት» አሉ ጋሽ ታደለ።

እንደገና ወጣሁ። አልሰጠመም። ነፋሱ ወዝወዝ ሲያደርገኝ፣ ከላዬ ሰማዩ፣ በጎኔ የየረር ተራራ፣ ልቤ እንደ ልጅ ደነገጠች፤ ደስታ ነው የምለው። ጀምበሯ ሳትጠልቅ «እስቲ ለትንሽ ዓይኔን ልክደን» ማለቴን አስታውሳለሁ። ስነቃ ጎህ ቀዷል። ሁለት ጋቢ ተደርቦልኛል፤ ጋሽ ታደለ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። «ደህና አደርሽ?» አሉኝ፤ መልሱን እያወቁ። አለቀስኩም፣ ሳቅኩም። ከዚያ ወዲህ ቤቴም እተኛ ጀመር።

መቆሚያው ከዚያ በኋላ ዕረፍት አላገኘም። ቀዶ ሕክምና አድርጎ የወጣም፣ ከፈተና በፊት የጨነቀውም ተራ ይይዝ ነበር። ጋሽ ታደለ ራሳቸው ተሸክመው ወስደው ይተክላሉ፤ ከዚያም በጣታቸው እየጠቆሙ «ተራህ ነው» ወይም «ተራሽ ነው» ብለው ዞር ይላሉ። ሰው ሲተኛ ቆመው አያዩም ነበር።

አሁን ወደ ለቅሶው ልመለስ። ማርታ ሦስት ቀን ሙሉ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን አልከደነችም። ወግ ነውና ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፤ እሷም እየተነሳች ትስማለች፣ ታለቅሳለች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፊቷን አየሁና የራሴን የያኔውን ፊት አወቅኩት። ቁልፍ ተቀብዬ መቆሚያውን ከመጋዘን አወጣሁ፤ ከድንኳኑ ጎን ጥላ ባለበት ተከልኩት። አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች «ለቅሶ ቤት ውስጥ ምንድን ነው እሱ?» እያሉ አጉረመረሙ። ሐጂ ሙዘሚል ከወንበራቸው ተነሱ። መቆሚያውን ሊያስነሱኝ መስሎኝ ፈራሁ። እሳቸው ግን ወደ መጋዘኑ ገቡና አራት ትሪ ይዘው ተመለሱ። ጎንበስ ብለው በየእግሩ ሥር አደረጉ። ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ ትሪ አያስፈልገውም ነበር።

ማርታን እጇን ይዤ አመጣኋትና «ተራሽ ነው» አልኳት።

ጋሽ ታደለ፣ ከአርባዎ በኋላ እኛ ዛፍዎን ይዘን ከላምበረት እንሳፈራለን። ረዳቱ ኮፍያውን አውልቆ «ማን ሞተ?» ቢለን ምን እንደምንመልስለት እስካሁን አላወቅንም። እርስዎ ግን ስለ እኛ አያስቡ። ያን ዕለት ማርታ አልጋው ላይ ስትወጣ ለቀስተኛው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሐጂ ገመዱን በአንድ ጣት ወዝወዝ እያደረጉ ቆሙ፤ እኔም እንደ እርስዎ ዞር አልኩ። ልጅዎ ተኝታለች። አሁን የእርስዎ ተራ ነው።