የዶርካስ አኬሎ ሐዋርያት

እኛ የኮጎላ መንደር ልጆች ጴጥሮስን በመልክ እናውቀው ነበር። ሐይቁ ዳር ከበለሱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ መረብ የሚጠግነው ሽማግሌው ኦቡያ ነው። መረቡን ከረገጥንበት ጫማውን አውልቆ ይወረውርብናል፤ ስቶን አያውቅም። እንድርያስ ታናሽ ወንድሙ ነበር። ቶማስ ደግሞ ዓሣ ሲመዘን ሦስቴ ካላስደገመ የማያምነው የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጸሐፊ። ይህን ሁሉ ያወቅነው ዶርካስ አኬሎ ከሳለችው መጽሐፍ ነው።

አኬሎ የጀልባ ሠሪ ልጅ ናት። የተወለደችው ኡዮማ ስለሆነ ትልልቆቹ «ኒያር ኡዮማ»፣ የኡዮማ ልጅ፣ ይሏታል። እኛ ልጆቹ እትዬ አኬሎ እንላት ነበር። አባቷ ጀልባ ሠርቶ ሲጨርስ አፍንጫዋ ላይ ስም መጻፍ፣ ጎንና ጎኗ ላይ ቀይና ነጭ ሐረግ መሳል የእሷ ሥራ ነበር። ትምህርቷ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ ሥዕሉ ግን ቀጠለ። ኮጎላ ካገባች በኋላም አዲስ ጀልባ ያሠራ ሰው ሁሉ ቀለሙን ይዞ የሚመጣው ወደ እሷ ነው። ባሏ ኦሞሎ ዓሣ ሊያጠምድ በወጣበት ወጀብ ይዞት ሰጠመ። እኔ ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ አላስታውሰውም። ከዚያ ወዲህ ነው እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ እኛን ማስተማር የጀመረችው።

ኬንያ ነጻ ከወጣች አሥር ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከባሕር ማዶ አንድ ካርቶን ሙሉ የልጆች መንፈሳዊ መጽሐፍ ተላከልን። ወረቀቱ ያብለጨልጫል። ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም። አንዱን መጽሐፍ ለአምስት ተሻምተን ስናገላብጥ፣ አኬሎ ደቀ መዛሙርቱ መረብ የሚጎትቱበት ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ብዙ አየችው።

«ምነው፣ እትዬ?» አልናት።

«እነዚህ ሰዎች ሁሉም ባንድ ጎን ቆመው ነው እንዴ የሚጎትቱት? ጀልባዋ እኮ ትገለበጣለች።»

ኦዱንዶ የሚባል አፉ የማያርፍ ልጅ ነበረ። «ጌታ አብሯቸው አለ አይደል? አይሰጥሙም» አላት።

«ጌታም ቢሆን እንዲህ ሲጎትቱ ቢያያቸው ይቆጣቸው ነበር።»

እኛ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። በማግስቱ ፓስተር ናሾን ዘንድ ሄዳ የልጆች መጽሐፍ ልትሠራ እንደምትፈልግ ነገረችው። ፓስተሩ ደግ ሰው ነው፤ ግን ነገሩ አልገባውም።

«አንቺ እኮ የምትስዪው ጀልባ ላይ ነው» አላት።

«ጴጥሮስስ ከጀልባ ሌላ ምን ነበረው?»

ይህን ንግግሯን ፓስተሩ ራሱ እስኪያረጅ ድረስ በስብከቱ መሀል ያወራው ነበር። ኪሱሙ ከተማ ያለው ማተሚያ ቤት እንዲያትምላት ደብዳቤ ጻፈላት፤ እሷም ሥራዋን ጀመረች።

አንድ ዓመት ፈጀባት። ጠዋት ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ደብተሯን ይዛ አሸዋው ላይ ትቀመጣለች። ማንም ማንን እንደምትስል አልጠየቃትም፤ ጀልባ የምትስል ነበር የሚመስላቸው። መጽሐፉ አሥራ ሁለቱን ሐዋርያት አንድ በአንድ የሚያሳይ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር በእኛው በሉኦ ቋንቋ አራት አምስት መስመር ጽሑፍ አለው። የታተመው አራት መቶ መጽሐፍ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ የመጣ ዕለት መንገድ ዳር ወጥተን ጠበቅነው።

የዚያ እሑድ ደስታ! ሽማግሌው ኦቡያ ራሱን በጴጥሮስ ገጽ ላይ ሲያይ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ ከዚያ ሚስቱን ጠርቶ፣ «ነይ እይ፤ ስትንቂኝ የኖርሽውን ሰው እይ» አላት። ጸሐፊው ቶማስ መሆኑን ሲያይ፣ «እኔ ልሆን አልችልም» አለ። ሁሉም ሳቀ። እንግዲህ ተጠራጠረ ማለት ነው። ሰው ሁሉ የራሱንና የጎረቤቱን ፊት ፍለጋ ገጽ ይገልጣል።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ሳቁ ገና አላበቃም ነበር። ባርኔጣው ወደ ግራ ያዘመመ፣ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ፣ ቅንድቡን ጠባሳ የሰነጠቀው ሰው ከረጢት ይዞ ቆሟል። የአስቆሮቱ ይሁዳ ነው።

«ይሄ የአዶዮ አባት ነው» አለ ኦዱንዶ።

አዶዮ እኔ ነኝ።

አባቴ ዛብሎን ኦግዌኖ የዓሣ ነጋዴ ነበር። በሰፈሩ ሞተር ያላት ጀልባ የእሱ ብቻ ናት፤ ከዓሣ አጥማጆቹ ተረክቦ ኪሱሙ ገበያ ያደርሳል። ሚዛን የያዘ ሰው መቼም አይወደድም። ግን እስከዚያ እሑድ ድረስ አባቴን ክፉ ሰው ብሎ በፊቴ የተናገረ አልነበረም። ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት፣ ውሃ ስንቀዳ፣ መንገድ ላይ፣ «የይሁዳ ልጅ! ከረጢቱን የት ደበቃችሁት?» ሆነ። ኦዱንዶማ ዜማ አወጣለት። እኔ ለቤት ምንም አልተናገርኩም።

ሐሙስ ዕለት አባቴ መጽሐፉን ይዞ መጣ። ከማን እንደወሰደው አላውቅም። አባቴ ማንበብ አይችልም። የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝና፣ «ምን ይላል?» አለኝ።

ሌላ ነገር ፈጥሬ ላነብለት ፈለግኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ አልመጣልኝም። «ይህ ይሁዳ ነው። ከረጢቱን የሚይዝ እሱ ነበር። ወዳጁን አሳልፎ ሰጠ» ብዬ አነበብኩለት።

«እንደገና አንብቢው።»

እንደገና አነበብኩት። አባቴ ቁጡ ሰው ነው፤ ሲቆጣ ዕቃ ይሰባበራል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን መጽሐፉን ዘጋና እናቴ ያቀረበችለትን ኩዎን የሚባል የበቆሎ ገንፎና ዓሣ ሳይነካ ወደ ውጭ ወጣ። አጥሩ ሥር ቆሞ ሐይቁን ሲያይ በበሩ በኩል አየሁት።

በሚቀጥለው እሑድ አልሄድኩም። አኬሎ ቆጥራን ስታበቃ እኔን አጣች። ለምን እንደቀረሁ ብትጠይቅ አንደኛው ልጅ ዜማውን ዘፈነላት። ትምህርቱን አቋርጣ በቀጥታ እኛ ቤት መጣች። እናቴ በርጩማ ሰጠቻት፤ አልተቀመጠችም። አባቴም አልተነሣላትም።

«የአዶዮ አባት፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለችው። «እጄ ነው ያሳተኝ። ሆን ብዬ አይደለም።»

አባቴ ቀና ብሎ አያት።

«ውሸቴን ነው» አለች። «ሆን ብዬ ነው። ኦሞሎ ያልገባ ቀን ጠዋት እግርህ ላይ ወድቄ ሞተርህን ይዘህ ፈልግልኝ አልኩህ። አንተ ዓሣው ይበላሽብኛል ብለህ ኪሱሙ ሄድክ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሰላም ስልህ ያ ነገር እዚህ ቆሞብኝ ነው።» ጉሮሮዋን በእጇ ያዘች። «የይሁዳ ገጽ ላይ ስደርስ ከሰው ሁሉ ያንተ ፊት መጣልኝ፤ እኔም አልመለስኩትም።»

እናቴ ይህን ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም፤ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር።

«ይቅርታ ልትጠይቂ ነው የመጣሽው ወይስ ልታስጠይቂኝ?» አላት አባቴ።

«ሁለቱንም መሰለኝ።»

«ሐይቁ መሀል ያለችው ደሴት ላይ ተጠልሎ ያደረ መስሎኝ ነበር» አለ አባቴ። «ስንት ጊዜ እዚያ አድሯል። ረፈድ ሲል ይመጣል አልኩ። እጄን ሞተሩ ላይ አድርጌ ትንሽ አሰብኩ፣ አኬሎ። አሰብኩና ወደ ኪሱሙ አዞርኩት። ያን ቀን የሸጥኩት ዓሣ...» አልጨረሰውም። «ይሁዳ ብለሽ ከሳልሽኝ ወዲህ የሚያናድደኝ ነገር ስፈልግ ሰነበትኩ። አጣሁ።»

አኬሎ ያኔ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች። እናቴ ሻይ አፈላች፤ ሦስቱም ጠጡ። እኔ አባቴ ሲያለቅስ አላየሁም፤ ግን ስኳሩን አራት ጊዜ ጨመረ፤ ሻይ በስኳር አይወድም።

አኬሎ መጽሐፎቹን ሁሉ ሰብስባ ልታቃጥል ቆርጣ ነበር። የከለከላት አባቴ ነው። «ልጆቹ ዓመት ሙሉ የጠበቁት ነገር ነው። አንዱን ገጽ አስተካክይ» አላት። እሷም አዲስ ይሁዳ ሳለች፤ በጀርባው። ከረጢቱን ይዞ በበር ሲወጣ ይታያል፣ ባርኔጣ የለውም፣ ማንም ሊሆን ይችላል። ማተሚያ ቤቱ ያቺን ገጽ ብቻ አትሞ ላከላት፤ እኛ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን በአሮጌው ገጽ ላይ መለጠፍ ጀመርን። ሙጫውን እናቴ ከካሳቫ ዱቄት ታቦካለች፣ አኬሎ ትለጥፋለች፣ አባቴ እንዳይጨማደድ የሚዛኑን ብረቶች እየደረበ ይጫነዋል። አራት ቅዳሜ ፈጀ። ቀድሞ የታደለውን ከየቤቱ ለማስመለስ ደግሞ አኬሎ ራሷ ዞረች፤ ለእያንዳንዱ ቤት፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» እያለች። ኦዱንዶ አልሰጥም ብሎ አልጋ ሥር ገብቶ ነበር፤ እናቱ በእግሩ ጎትታ አወጣችው።

ልጅ ግን ልጅ ነው። ገጹን ወደ ፀሐይ ካነሡት የአባቴ ባርኔጣ ከሥር እንደ ጥላ እንደሚታይ ለማወቅ አንድ ሳምንት አልፈጀባቸውም። አንድ ቀን ሕፃናት ተሰብስበው ሲያዩ አባቴ ከኋላቸው ደረሰባቸው። ሊሮጡ ሲሉ፣ «ቆይ፣ እኔም ልየው» አለና መጽሐፉን ተቀብሎ ወደ ላይ አነሣው። «አኬሎ አፍንጫዬን አሳንሳዋለች» ብሎ መለሰላቸው። ከዚያ ወዲያ ዜማውን የዘፈነ አልነበረም፤ ለዛው ጠፋበት መሰለኝ።

አባቴና አኬሎ ወዳጅ ሆኑ ብል ማጋነን ነው። ሰላምታቸው ግን ተለወጠ። አንድ ጊዜ ስለ ማዕበሉ ጸጥታ የሚናገረውን መጽሐፍ ስትጀምር አባቴ መጣና፣ «እኔን እንኳ ተይኝ፣ ጀልባዬን አስገቢልኝ» አላት።

«ያኔ ሞተር የለም እኮ፣ የአዶዮ አባት።»

«ሞተሩን ንቀይና መቅዘፊያ አድርጊበት። እሷ አትቀየምም።»

አደረገችለት። ጌታ ራሱን ትራስ ላይ አስደግፎ የተኛባት ጀልባ የአባቴ ናት። የጎኗ ሐረግ ሳይቀር አለ።

ከዚያ በኋላ አኬሎ ሰባት የልጆች መጽሐፍ ሠራች። የክፉ ሰው ፊት አንዱም ላይ የለም። ፈርዖን በጀርባው ነው፣ ሄሮድስ ከመጋረጃ ኋላ ነው፣ የዮሴፍ ወንድሞች ወደ ጉድጓዱ አጎንብሰው ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሴትዮዋ ፊት መሳል አቃታት ወይ ብለው ሲያሙ ሰምታለች፤ ቀጣዩንም ክፉ በጀርባው ሳለችው።

እኛ ስናድግ የሥዕል መጽሐፍ አነሰን። እኔ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቼ ለዕረፍት ስመጣ፣ «ለእኛስ መቼ ነው የምትጽፊልን?» ብዬ ጨቀጨቅኳት። አኬሎ ስለ ኒያንጊ፣ ናኩሩ ከተማ ሰው ቤት ልትሠራ ስለሄደች ልጅ፣ ልብ ወለድ ጀመረች። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ኒያንጊ በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሰለቸችኝ።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅ አንድ ቀን እንኳ አትዋሽም እንዴ? ስትጸልይ እንቅልፍ አይጥላትም?» አልኳት።

አሰበችበት። «እኔን ይጥለኛል» አለች። «እሺ፣ ትዋሽ። ከባድ ውሸት ግን ይሁን፤ ለትንሽማ ወረቀት አናባክን።»

ደብተሩን ትምህርት ቤት ይዤ ሄድኩ። አርባ ልጅ በየተራ አነበበው። የአዳሪዎቹ ኃላፊ ከአንዷ ትራስ ሥር አግኝታ ወረሰችብን። በአራተኛው ቀን ጠርታኝ በሩን ዘጋችና፣ «ኒያንጊ እናቷን ታገኛታለች ወይስ አታገኛትም?» አለችኝ። ገና አልተጻፈም ነበር። ኋላ ታትሞ ሲወጣ የመጀመሪያውን መጽሐፍ የላክነው ለእሷ ነው።

ያ ዘመን እንዲህ አለፈ። ማተሚያ ቤቱ ተዘጋ፤ ሐይቁን እንቦጭ ወረሰው፤ ዓሣ አጥማጁ ተበተነ። አባቴ ሲሞት አኬሎ ሬሳው እስኪወጣ ድረስ ከእናቴ ጎን አልተነሣችም። እኔ ኪሱሙ አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ፤ በየወሩ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። ዓይኗ በመጨረሻ ላይ ደከመ፤ የቀለም ቆርቆሮዎቹን እየዳሰሰች በክዳናቸው ላይ ባለው ስርጉድ ትለያቸው ነበር። የሩትን መጽሐፍ ጀምራ ነበር፤ ሥዕሉን በእርሳስ ጨርሳዋለች፤ ቀለም ግን አልተቀባም።

«ሩት የምትቃርመው ገብስ ነው አይደል?» አልኳት አንድ ቀን ወረቀቱን እያየሁ። «አንቺ ግን ማሽላ ነው የሳልሽው።»

«ገብስ አይቼ አላውቅማ» አለችኝ። «ማሽላ ስትቃርም ያጎነበሰች ሴት ግን እናቴ ናት። ወገቧ እንዴት እንደሚያማት ሁሉ አውቃለሁ።»

በዚያ ዓመት በረጅሙ ዝናብ ወራት መሀል ዐረፈች፤ ከኦሞሎ ጎን ቀበርናት። ወረቀቶቹን ለእኔ ትታልኝ ነበር። እኔም ከቀብሩ በኋላ ቀለሟን አውጥቼ ሁለት ገጽ ቀባሁ። ማሽላው ደህና መጣልኝ። የሩት ፊት ላይ ስደርስ ግን የአኬሎን እናት አይቻት አላውቅምና ብሩሹን አጥቤ አስቀመጥኩት፤ የቀረው እንደ ተወችው በእርሳስ እንዳለ ነው።