ሽጉጥ የያዘው ሰው ጥያቄ

ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ፣ ከሱቄ አጠገብ ስልክ የሚጠግነው ግብፃዊ ዛሬ የአገሩን የድሮ ፊልም ከፍቶ ይሠራል። የተዋናዩን ጩኸት ስሰማ በልጅነቴ ሆሳዕና ከተማ የነበረው የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ትዝ አለኝ፤ የላብና የጫት ሽታው ሳይቀር።

የግብፅ ፊልም ሲመጣ፣ ሱዳን ኖሮ የተመለሰው ጋሽ ከድር ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ዐረብኛውን ይተረጉምልን ነበር። አንድ ቀን ያየነው ፊልም፣ ጓደኛው በሐሰት መስክሮበት ስለታሰረ ሰው ነው። ሰውየው ሲፈታ ጓደኛውን አሳድዶ አገኘው፤ ግንባሩ ላይ ሽጉጥ ደግኖ እያለቀሰ ተናገረ። እኛ "በለው፣ በለው" እያልን አግዳሚውን እንደበድባለን።

"'ለምን እንዲህ አደረግኸኝ? ንገረኝ' ነው የሚለው" አለ ጋሽ ከድር።

ሳቅንበት። "ሽጉጥ ይዞ ይለምናል እንዴ? ተሳስተሃል ጋሼ" አልኩት።

"ከገደለው ማን ይነግረዋል?" አለኝ ቀስ ብሎ። ያኔ አልገባኝም።

ወንድሜን እዚሁ ቴምቢሳ፣ ሱቄ ውስጥ ተኩሶ የገደለው ጎረምሳ፣ ምስክር ጠፋ ተብሎ ከተፈታ ሰንብቷል። አሁን ከብረት ፍርግርጉ ማዶ ቆሞ ዳቦ ይጠይቀኛል። እኔ የምችለው የአገሩ ቋንቋ፣ ዙሉ፣ ከሰላምታና ከዋጋ አያልፍም፤ "ለምን?" ብዬ የምጠይቅበት ቃል የለኝም። ፊቱን ትንሽ አየሁት። ከዚያ ዳቦውን በፍርግርጉ አሾልኬ ሰጠሁትና ዋጋውን ነገርኩት።