ባዶውን ብልቃጥ ይዛችሁ ኑ

ሥራ የጀመርኩት መስከረም ላይ፣ ለግሸን የሚወጣው ሕዝብ መንገዱን በሞላበት ሰሞን ነው። የጤና ጣቢያዋን ስም አልጽፍም፤ አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ በባጃጅ የሚደረስባት ናት፣ ይበቃል። ነጭ ጋወኔን ተኩሼ፣ ዲፕሎማዬን ፕላስቲክ አስለብሼ ስገባ ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "ነርስ ነሽ? በይ ቁስል ማሸጊያ ክፍል ግቢ" አለኝ። ቀኑን ሙሉ ውሃ የቋጠረ እግር ሳጥብና ሳሽግ ዋልኩ። በፋርማኮሎጂ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ። ማን ጠይቆኝ!

ክፍሉን የሚመራው ጋሽ ይመር የሚባል አሮጌ ድሬሰር ነው። ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ማደያውን አሳየኝ። ቅባት ሁሉ በአንድ ካርቶን፣ ጠብታ ሁሉ በሌላ ካርቶን ነው የተቀመጠው። የዓይኑም የጆሮውም ጠብታ ተቀላቅሏል።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ አንድ ላይ አይቀመጥም" ብለው ሳቀብኝ።

"እታለም፣ ትርፍ ካርቶን ካለሽ አምጪ።"

በነጋታው ከሱቅ የብስኩት ካርቶን ለምኜ አመጣሁና ለየሁት። ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ምንም የማልጸጸትበት እሱ ነው።

እኛ ጋ ለየሁት እንጂ ሰው ቤት ገብቼ አልለይም። አያ ሰይድ የሚባሉ ገበሬ ጆሯቸውም ዓይናቸውም ታሞ ሁለት ጠብታ ሰጥቻቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ዓይናቸው ቲማቲም መስሎ መጡ። የጆሮውን ዓይናቸው ውስጥ ጨምረውት ነው። በጨው ውሃ እያጠብኩ ነገር ፍለጋ ገባሁ።

"የትኛውን ነው ዓይንዎ ላይ ያደረጉት?"

"ነጩን።"

"ሁለቱም ነጭ ነው እኮ አያ ሰይድ!"

"እንግዲያስ ትንሹን።"

"ሁለቱም ትንሽ ነው!"

"ታዲያ አንቺስ ምን አድርጊ ብሎሽ ነው ሁለቱንም ትንሽ ነጭ አድርገሽ የሰጠሽኝ?"

ዓይናቸው ተረፈ። ልክ ነበሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሕግ አወጣሁ። ለመጣው በሽተኛ ሁሉ፣ "ብልቃጡን እንዳትጥሉ፤ ሲያልቅ ባዶውን ይዛችሁ ኑ" እላለሁ። ማንበብ የማይችል ሰው የመድኃኒት ስም ከየት ያመጣል? ብልቃጡን ግን ያመጣል። ስኳር ያለበት የኢንሱሊኑን፣ ጭርት ያለበት የቅባቱን ቱቦ፣ ዓይኑን የሚታከመው የጠብታውን፣ በሻሽ ጫፍ ቋጥረው ይመጡልኛል። አንድ ጊዜ አይቼ ምን እንደወሰዱ አውቃለሁ። ባዶ እጃቸውን የሚመጡት የሦስት ወሩን መርፌ የሚወጉት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱ ባል እንዳያይባቸው ካርዳቸውንም እኛው ጋ ነው የሚያስቀምጡት። በገበያ ቀን ዘንቢላቸውን ደጅ ጥለው ገብተው፣ ተወግተው፣ ሽንኩርታቸውን ገዝተው ይሄዳሉ።

ሕጌ ሠራ። ከዞን የመጡ ተቆጣጣሪዎች አመሰገኑኝ፣ የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ። ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ ምነው እጄን በሰበረው!

እዚያው ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሠራሁ በኋላ ገበያው አጠገብ አንድ መድኃኒት ቤት ተከፈተ። ባለቤቱ ጨዋታ አዋቂ፣ ለሰው ሁሉ "የኔ ዓለም" ባይ ነው። የተጣላነው በፊት ቅባት የተነሣ ነው። ሊዳሩ ያሉ ልጃገረዶች ፊት ያቀላል የተባለ ቅባት ከሱ እየገዙ ፊታቸው ሳስቶ፣ ብጉር ወርሶት፣ ፀሐይ ሲነካው እያቃጠላቸው ይመጡብኛል። ሄጄ ጮህኩበት።

"ይሄ ኮርቲዞን ነው! ቆዳ ያሳሳል፣ ያለ ማዘዣ አይሸጥም!"

"ሲስተርዬ፣ ሰው የጠየቀኝን ነው የምሸጠው" አለኝ ፈገግ ብሎ።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ኮርቲዞን ፊት ላይ ምን እንደሚያደርግ አሳምሬ አውቅ ነበር።

ሰዓዳን ያመጣቻት እናቷ ዘምዘም ናት። ዘምዘም ውጫሌ ገበያ ባቄላና ምስር ቸርቻሪ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ይህችን አንዲት ልጅ ነው የምታሳድገው። ሰዓዳ ያን ጊዜ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። በጋ በመጣ ቁጥር ዓይኗን ያሳክካታል፤ ፀሐይ ማየት አትችልም፣ እስኪደማ ታሸዋለች። "ፊደሉን መለየት አቃተኝ ትላለች፤ አስተማሪዋ ጎበዝ ናት ይለኛል፤ እባክሽ ዓይኗን አድኝልኝ" አለችኝ እናቷ።

እኔ ደግሞ የዓይን ሕክምና አጭር ሥልጠና ወስጄ ከደሴ የተመለስኩት በዚያው ሰሞን ነው። የዓይኗን ቆብ ገልብጬ አየሁ። አለርጂ ነው። የዴክሳሜታሶን ጠብታ አዘዝኩ፤ እሱም ያው ኮርቲዞን ነው። ካርዱ ላይ "ሁለቱም ዓይን፣ በቀን አራት ጊዜ" ብዬ ጻፍኩ። ለስንት ቀን እንደሆነ አልጻፍኩም። በአፌ "ለሳምንት" ብያት ይሆን? ውጭ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ አላስታውስም። "ብልቃጡን እንዳትጥይ" ማለቴን ግን አስታውሳለሁ።

በሳምንቱ እንቁላል ይዛልኝ መጣች። የልጅቱ ዓይን ጥርት ብሏል። "አልሐምዱሊላህ፣ ልጄን አበራሽልኝ፤ ያንቺንም አላህ ያብራልሽ!" ብላ እጄን ልትስም ስትታገለኝ እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ አመንኩ።

ከዚያ ወደ ሐይቅ ከተማ ተዛወርኩ። እዚያ ሥራው ሌላ ነው፤ መረብ የቆረጠው የዓሣ አጥማጅ እጅ፣ ስኳር፣ ወሊድ። ዘምዘምንም ሰዓዳንም ረሳኋቸው። አምስት ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ጠዋት የሥራ ክፍሌ በር ተንኳኳ። ዘምዘም ናት። ከኋላዋ አንዲት መለሎ ልጅ ስትገባ ትከሻዋ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። "አየሽልኝ? ይኸው እንዲህ ሆናለች" አለች እናቷ። "ማሳከኩስ ድራሹ ጠፍቷል፤ ጠብታውን አንድ ቀን አላቋረጥኩባትም። ግን ከሰው ትጋጫለች፣ ከበግ ትጋጫለች። አስተማሪዋ ዝንጉ ሆነች ይለኛል። ያንቺን እጅ ብዬ ነው እስከዚህ የመጣሁ።"

"አላቋረጥኩባትም" ስትል ብዕሬን አስቀመጥኩ። ልጅቱን አስቀመጥኳትና ቀኝ ዓይኗን በእጄ ከድኜ፣ ከጎኗ ሁለት ጣት አሳየኋት።

"ሰዓዳ፣ ስንት ጣት ነው?"

"የቱ ጣት?" አለች።

ግራውን ከድኜ ከፊት ለፊቷ ሳሳያት "ሁለት" አለች። ጣቴን ትንሽ ወደ ጎን ስወስደው ጠፋባት።

ዘምዘም ዘንቢሏን ከፍታ ፌስታል አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። ባዶ የጠብታ ብልቃጥ ነው። አንዱ ተንከባሎ መሬት ወደቀ። "አትጣይ ብለሽኝ የለ? አንድም አልጣልኩ" አለችኝ። ስድብ አልነበረም፤ እንደ ታዛዥ ተማሪ ነው የተናገረችው። ከብልቃጦቹ መሃል ካርዱ አለ፣ በእኔው እጅ ጽሑፍ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱም እኔም እዚያው ነበርን።

በማግስቱ ይዣቸው ደሴ ወደ ዓይን ክፍል ሄድኩ። ሐኪሙ የዓይኗን ግፊት ለካ፣ በመሣሪያው ውስጡን አየ። ግላኮማ ነው፤ ጠብታው ያናረው ግፊት የዓይኗን ነርቭ ገድሎታል። ግራው ጠፍቷል። ቀኙ መሃሉ ብቻ ቀርቷል፤ እሱን ለማዳን ቀዶ ጥገና፣ ከዚያም ዕድሜ ልክ ሌላ ጠብታ። የጠፋው አይመለስም።

"ይህን ሁሉ ዓመት ኮርቲዞን ማን ነው የሰጣት?" አለ።

"ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ነው" አልኩት። እውነት ነው። ግማሹን ብቻ ነው የተናገርኩት። እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ።

ኮሪደሩ ላይ ማልቀስ ጀመርኩ። ዘምዘም እኔን ታባብለኝ ጀመር። "አብሽሪ ሲስተር፣ የአላህ ሥራ ነው፣ አንቺ ምን ታደርጊ!" ምነው በጥፊ ባለችኝ።

በሳምንቱ ወደዚያ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። "አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ማዘዣ ለሕፃን ልጅ ዴክሳሜታሶን ትሸጣለህ?" ብዬ ገበያተኛው እስኪሰማ ጮህኩ። ፈገግ አላለም በዚያን ቀን።

"የምን ያለ ማዘዣ? ባዶውን ይዛችሁ ኑ ብሎ ያስተማረው ማነው? አንቺ ነሽ። እነሱም ለምደው ባዶውን እኔ ጋ አመጡት፣ ሙሉውን ሰጠኋቸው። አንድም ቀን ይሄ ይቁም ያለ ሰው አልመጣም።"

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ብዬው ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሳስበው ተረቱ ለሁለታችንም ሆነ።

ሐይቅ ላለው የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ነገርኩት። በሩን ዘጋና፣ "ሲስተር፣ ጡረታሽ ደርሷል። ሪፖርቱ ላይ መንስኤው አልታወቀም በዪና እለፊው" አለኝ። ለክፋት አልነበረም፣ ሊያድነኝ ነው። "ታውቋል እኮ" አልኩት። ስሜን ከነፊርማዬ ጽፌ ሰጠሁት። ማን እንዳነበበው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የጠየቀኝም የለም።

የቀረችው ዘምዘም ናት። ገበያ ባልሆነ ቀን ውጫሌ ቤቷ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ሰፌድ ይዛ ባቄላ ትለቅማለች፤ ሰዓዳ አጠገቧ ደብተሯን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ታነባለች። ሳልቀመጥ ተናገርኩ። "ዘምዘም፣ ልጅሽን ያሳወራት ጠብታው ነው። ያዘዝኩት እኔ ነኝ። በሳምንት ማቆም ነበረባት፤ መቼ እንደሚቆም አልጻፍኩልሽም።"

እጇ ባቄላው ላይ ቆመ። እርግማኗን ጠበቅሁ። ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር።

"ለሰፈሩ ሁሉ አስተምሬዋለሁ እኮ" አለች ቀስ ብላ።

"ምኑን?"

"ጠብታውን ነዋ! የማንም ልጅ ዓይኑን ሲያሳክከው ባዶውን አበድራቸዋለሁ። አሳይተው ገዝተው ይመልሱልኛል። የሉባባ ሁለቱ፣ የመምሬ ልጅ፣ የባጃጅ ነጂው ልጅ... ሲስተር ያዘዘችው ነው እያልኩ፣ እየማልኩ ነው የምሰጣቸው!"

ሰፌዱን ጥላ ተነሣች። ባቄላው ተበተነ፣ ማንም አልለቀመውም። ሦስታችንም ወጣን። ሰዓዳ የእናቷን ቀሚስ ይዛ "እነሱም አሉ፣ እነሱም አሉ" እያለች በር ትጠቁመናለች። ከእያንዳንዱ ቤት ጠብታውን ለቀምን።

ሉባባ ብቻ አልሰጥም ብላ በሩ ላይ ቆመች። "ልጆቼን ያዳነልኝን መድኃኒት? ሲስተር ያዘዘችው ነው!"

"ሲስተሯ እኮ እኔ ነኝ!"

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። "ታዲያ ያኔ ነው ልክ የነበርሽ ወይስ አሁን?"

ዘምዘም ሰዓዳን ከፊቷ አቆመቻትና፣ "የልጄን ዓይን እይው" አለቻት። ሉባባ አየች። ወደ ውስጥ ገብታ ሁለት ብልቃጥ አምጥታ፣ እኔን ሳታይ፣ በዘምዘም እጅ ላይ አኖረች።

የልጆቹን ሁሉ የዓይን ግፊት ደሴ አስለካን። የመምሬ ልጅ ግፊት ጀምሮት ነበር፣ በጊዜ ተያዘ። የሌሎቹ ደህና ነው። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ የሰዓዳ ቀኝ ዓይን ባለበት ቆሟል፤ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ትማራለች። ዘምዘም የልጇን ጠብታ የምታስጽፈው ሌላ ነርስ ጋ ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ አትቆምም። ልክ ናት።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ለወጣት ነርሶች የምለው ይህን ነው። መድኃኒት ስታዝዙ የሚቆምበትን ቀን ካርዱ ላይ ጻፉ፣ ለታማሚውም አስደግማችሁ ንገሩ። ባዶ ብልቃጥ ማዘዣ አይደለም። ኮርቲዞን ያለበትን የዓይን ጠብታ ግፊት ሳታስለኩ አትድገሙ።