ሬሳ የሌለው ለቅሶ

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ስለ በግ እርባታ የምናማክር አራት ሠራተኞች ነበርን፤ አንድ ክፍል ውስጥ እንሠራለን። እኔና አንዲት ባልደረባዬ በመስኮት የተነሳ ተጣልተን ከተኳረፍን ወራት አልፈዋል። እሷ ይከፈት ትላለች፤ እኔ ይዘጋ እላለሁ። በመጨረሻ ወንበሬን አዙሬ ጀርባዬን ሰጠኋት።

አለቃችን ደብረ ብርሃን ሄደው ስለ አካል ቋንቋ ሥልጠና ወስደው ሲመለሱ ክፍሉን ከበር ላይ ቆመው አዩት።

«ጀርባ የተሰጣጠ ሰው አብሮ አይሠራም» አሉ።

ወዲያው ጠረጴዛዎቹን ወደ ኮሪደር አስወጥተው ወንበሮቻችንን ክብ አስደረጉ። ወደ ፊት ዘንበል ማለት ግድ ሆነ፤ እጅ ማጣመር ተከለከለ። ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል፤ ሁላችንም ጋቢ ለብሰናል።

«ጋቢ ውስጥ ያለ እጅስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

አለቃችን መለሱ፦ «የማይታይ እጅ እንደተጣመረ ይቆጠራል።»

በሩም ክፍት እንዲሆን አዘዙ። እጃችንን ጉልበታችን ላይ ዘርግተን፣ አንገታችንን ደፍተን ተቀመጥን። ብርዱ አፍንጫችንን ሲያፈሰው በጋቢያችን ጫፍ እንጠርጋለን።

ከጓሳ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ስለሚያስላቸው በጎቻቸው ሊጠይቁ ብቅ አሉ። እኛን ሲያዩ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደገፉና «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አለቃችን በሥልጠናው መሠረት መዳፋቸውን ዘርግተው ወደ እሳቸው ዘንበል አሉ። ሽማግሌው የአለቃችንን እጅ ያዙና «አይዞህ ልጄ» አሉ።

በዚያ ያልፉ የነበሩ ሁለት ሴቶችም ይህን አይተው ገቡ። አንደኛዋ ባልደረባዬ ጎን ተቀምጣ «ማን ነው የሞተባችሁ፣ እቴ?» አለቻት።

ባልደረባዬ ወደ እኔ ዞረች። «ምን እንበላቸው?»

በእነዚያ ሁሉ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረችኝ ያን ጊዜ ነው።

«አንቺ ንገሪያቸው።»

«እኔ አፍራለሁ፣ አንተ ንገራቸው።»

ሁለታችንንም ሳቅ ያዘን። ፊታችንን በጋቢ ሸፈንን፤ ትከሻችን ይርገፈገፋል። ሴቶቹ ይህን ሲያዩ እንባቸው መጣ፤ አንደኛዋ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

አለቃችን በዚህ ጊዜ ተነሱ። «ማንም አልሞተም። በሥራ ላይ ነን።»

ሽማግሌው አንድ በአንድ አዩን። «ታዲያ ሥራ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ይቀመጣል?»

ሰው ሞተ የሚለው ወሬ ግን ቀድሞ ገበያ ደርሶ ኖሮ፣ የዕድሩ ሰዎች ድንኳን በጋሪ ጭነው፣ ንፍሮ በጎድጓዳ ሳህን ይዘው ደጃፋችን ደረሱ። እኔና ባልደረባዬ አብረን ወጥተን አስረዳናቸው። አንዴ እኔ ስጀምር እሷ ትጨርሳለች፤ እሷ ስታፍር እኔ እቀጥላለሁ። የዕድሩ ዳኛ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙን።

«የሞተ ሰው ከሌለ እሰየው» አሉ። «ንፍሮው ግን ተቀቅሏል፤ ወደ ቤት አይመለስም።»

አለቃችንን፣ ሽማግሌውንና ሴቶቹን ጨምረን ሁላችንም ክቡ ውስጥ ገብተን በላን። ትንሽ ጨው በዝቶበት ነበር።