ጥፋቴን በራሳቸው ላይ የወሰዱት አደ ብርቄ

በነቀምቴ ጨለለቂ ክፍለ ከተማ የሕፃናት ማቆያ ከፍተው ብዙዎቻችሁን ያሳደጉት አደ (ወይዘሮ) ብርቄ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በቤታቸው አርፈዋል። ለወራት ያሠቃያቸው ሕመም በመጨረሻ ፋታ ሰጥቷቸው፣ የመጣውን ሁሉ በስሙ እየጠሩ ተሰናብተዋል። ኀዘናችንን ያቀለለልን ይህ ነው።

በሞግዚትነት በቀጠሩኝ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዝናብ አባርቶ ልጆቹ ጭቃ ይዘው ስለገቡ መተላለፊያውን በሳሙና አጠብኩ። ወለሉ ሳይደርቅ የክፍሉን በር ከፈትኩ። ቦንሳ የሚባል የሦስት ዓመት ልጅ ሮጦ ወጣና ተንሸራቶ ጭንቅላቱ ከደረጃው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ለአፍታ ድምፅ አላሰማም። አደ ብርቄ ከቢሯቸው ወጥተው አጠገቡ ተንበርክከው ስሙን ሲጠሩት ግን አለቀሰ። በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው።

አባቱ ኦቦ (አቶ) ገመቹ ከገበያ እያለከለከ ደረሰ።

«ወለሉን ያጠበው ማነው?»

«ያጠበችው እሷ ናት» አሉ አደ ብርቄ። «ልጆች ባሉበት ሰዓት ወለል እንዳይታጠብ ሥርዓት ማውጣት የነበረብኝ ግን እኔ ነኝ። እኔን ይጠይቁ።»

በዚያው ነርሷ ከምርመራ ክፍሉ ወጣች። «ቁስሉ የላይ ነው። ልጁ ደህና ነው፤ ዳቦ ስጡኝ እያለ ነው።» ኦቦ ገመቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እየሳቀ እንባውን ጠረገ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ልጆቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ ስንብቴን ስጠብቅ፣ አደ ብርቄ ነጠላቸውን አስቀምጠው መሬት ላይ ተንበረከኩ። «ነይ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። በልጅ ቁመት ካላየሽው ወለሉን አታውቂውም» አሉኝ። አብረን እየዳህን የተገነጠለ የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ መንገድ ላይ የቀረ መጫወቻ፣ ቀለሙ ከወለሉ የማይለይ ደረጃ አገኘን። በማግስቱ ምንጣፉ ተጣበቀ፤ የደረጃው ጠርዝ ቢጫ ተቀባ፤ እጥበት ልጆች ከሄዱ በኋላ ሆነ። አንዷ ሞግዚት ሩጫ እንከልክል ብትል፣ «ልጅ አትሩጥ አይባልም፤ የሚሮጥበትን ነው ማድረቅ» አሏት።

አደ ብርቄ፣ ያን ቀን ቢያባርሩኝ ኖሮ የሰው ልጅ ዳግመኛ ለመያዝ ድፍረት አላገኝም ነበር። ዛሬም ልጆቹ ሁሉ በደህና ገብተው በደህና ወጥተዋል። እርስዎም ያለ ሐሳብ ይረፉ። ነጋቲ፣ ሐርሜ ኮ፤ ደህና ይሁኑ፣ እናቴ።